መጾም ያቃተን ነገር፦ ስለ ልማድ፣ ስለ ሱስና ስለ ነጻ ፈቃድ

ሱስ የሚለው ቃል በቋንቋችን አዲስ አይደለም። የቡና ሱስ፣ የትምባሆ ሱስ፣ የጫት ሱስ፣ የመጠጥ ሱስ እያልን ኖረናል፤ በእነዚህም ሁሉ ውስጥ ወደ ሰውነት የሚገባ፣ የሚጠጣ ወይም የሚታኘክ ወይም የሚጨስ አንድ ነገር አለ። ከቅርብ ዘመን ወዲህ ግን ቃሉ ከዚህ አልፎ ሲነገር እንሰማለን። የስልክ ሱስ፣ የኳስ ውርርድ ሱስ፣ የገበያ ሱስ፣ የወሬ ሱስ፣ እንዲያውም የሥራ ሱስ ይባላል። ሰውን ያልጠጣው ነገር ሊያሰክረው፣ ያልቃመው ነገር ሊይዘው ይችላልን? ወይስ ይህ አነጋገር በዘይቤ ብቻ የሚባል፣ ስንፍናንና ዋልጌነትን በሕመም ስም የሚሸፍን ነው? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ይህን ጥያቄ ነው።

ጥያቄው የቃላት ጨዋታ አይደለም። ለአንድ ነገር የምንሰጠው ስም ለሰውየው የምናደርግለትን ይወስናልና። «ኃጢአተኛ ነው» ያልነውን እንገሥጻለን፤ «ታማሚ ነው» ያልነውን እናስታምማለን፤ «ባለጌ ነው» ያልነውን እናርቃለን። በስደት በሚኖር ማኅበር መካከል አንድ ወንድም የእቁቡን ዕጣ ከወሰደ በኋላ መክፈሉን ቢያቋርጥ፣ አንዲት እኅት የባሏ ደመወዝ የት እንደሚገባ ማወቅ ቢሳናት፣ አንድ ልጅ ከክፍሉ ሳይወጣ ሌሊቱን በኮምፒውተር ጨዋታ ቢያነጋ፣ የነገሩን ጠባይ ሳናውቅ የምንወስደው እርምጃ ቤት ሊያፈርስ ይችላል።

ለመነሻ የሚሆነን ምሳሌ ከደጃችን አለ። በአልባኒ ከተማ፣ በባሕረ ሰላጤው ዳር፣ ጎልደን ጌት ፊልድስ የሚባል የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ነበረ። በ1941 ተከፈተ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የባሕር ኃይል ሲጠቀምበት ከቆየ በኋላ ወደ ቀድሞ ሥራው ተመልሶ፣ በጁን 2024 የመጨረሻውን ሩጫ አካሂዶ ተዘጋ። ለውርርድ ወደዚያ ሜዳ ለገባ ሰው የሚሰጠው የሚቃም ቅጠል ወይም የሚሳብ ጢስ አልነበረም፤ የሚሰጠው ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ነበር። እንዲህም ሆኖ ውርርድ የያዘው ሰው እንደ ጠጪ ዕረፍት ያጣል፣ እንደ ጠጪ ይዋሻል፣ እንደ ጠጪ የልጆቹን ጉርስ አሳልፎ ይሰጣል። ሜዳው ዛሬ የለም፤ ቁማሩ ግን ከሜዳው ጋር አልተዘጋም። በሳንሆዜ የካርታ ቤቶች አሉ። የካሊፎርኒያ ሕዝብ በ1984 በድምፁ የፈቀደው የመንግሥት ሎተሪ በየነዳጅ ማደያው ይሸጣል። የካሊፎርኒያ መራጮች በስፖርት ላይ መወራረድን ለመፍቀድ የቀረቡላቸውን ሁለት ሐሳቦች በ2022 ባይቀበሉም፣ በአዲስ አበባ ግን በአውሮፓ የኳስ ጨዋታ ላይ ገንዘብ ማስያዝ የብዙ ወጣቶች የዕለት ወሬ ከሆነ ቆይቷል።

ቋንቋችን ለዚህ ነገር አንድ ስም ብቻ አልሰጠም። ልማድ፣ አመል፣ ሐራራ፣ ሱስ፣ ልክፍት እንላለን፤ አምስቱም አንድ አይደሉም። ልማድ ደጋግሞ ከመሥራት የተነሣ የቀለለ ነገር ነው፤ ማልዶ መነሣትም ልማድ ነው፣ አምሽቶ መተኛትም ልማድ ነው። አመል ልማዱ ከጠባይ ጋር ተዋሕዶ የሰውየው መታወቂያ ሲሆን ነው፤ «አመል ያወጣል ከመሀል» መባሉ ሰው በአመሉ ምክንያት ከማኅበሩ እንደሚለይ ለማሳየት ነው። ሐራራ የጎደለው ነገር በሥጋ ላይ የሚያነሣው ጥሪ ነው፤ ቡና የለመደ ሰው ሳይጠጣ ውሎ ራሱን ሲያመው «ሐራራው ተነሣበት» ይባላል። ልክፍት ደግሞ ከውጭ የመጣ ኃይል ሰውን ሲይዘው የሚባል ነው፤ በዚህ አነጋገር የተያዘው ሰው በነገሩ ምንም ድርሻ የለውም። ሱስ በእነዚህ መካከል ይቆማል። እንደ ልማድ በራስ እጅ ይጀምራል፤ እንደ ልክፍት ከራስ እጅ ይወጣል። የነገሩ አስቸጋሪነት በዚህ ላይ ነው፤ አንዱን ጫፍ ብቻ የያዘ ሰው ወይ ጨካኝ ፈራጅ ይሆናል፣ ወይ ከንቱ አዛኝ ይሆናል።

የሕክምና ሊቃውንትም ወደ ፍቺው የደረሱት በዝግታ ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1980 ባወጣው የሕመሞች መዝገብ ሦስተኛ እትም ከመጠን ያለፈ ቁማርን እንደ ሕመም ሲመዘግብ፣ ከሱስ ወገን አላስገባውም፤ ግፊትን መግታት ካለመቻል ሕመሞች ጋር፣ ይኸውም ከመስረቅ አባዜና እሳት ከመለኮስ አባዜ ጋር አስቀመጠው። በ2013 በወጣው አምስተኛ እትም ግን ቁማር ቦታውን ለውጦ ከመጠጥና ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር በአንድ ምዕራፍ ገባ። በዚያ መዝገብ ዘጠኝ ምልክቶች ተዘርዝረዋል፤ ከእነዚህም አራት ወይም ከዚያ በላይ በ12 ወር ውስጥ የታዩበት ሰው ታማሚ ይባላል። የሚያስይዙትን ገንዘብ እየጨመሩ መሄድ፣ ለመተው ሲሞክሩ መቆጣትና መቅበጥበጥ፣ ደጋግሞ ሞክሮ አለመቻል፣ የተበላውን ለማስመለስ በማግስቱ መመለስ፣ ለቤተ ሰብ መዋሸት፣ በዚህም ምክንያት ትዳርን ወይም ሥራን አደጋ ላይ መጣል ከምልክቶቹ መካከል ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ጸድቆ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው አሥራ አንደኛው የበሽታዎች መዝገቡ ከቁማር ጋር የኮምፒውተር ጨዋታን ጨምሮ፣ ሁለቱን ከጠባይ የሚመጡ ሱሶች ብሎ መዝግቧል። የስልክ፣ የገበያና የሥራ ሱስ የሚባሉት ግን በሁለቱም መዛግብት ለራሳቸው የቆመ ስም አላገኙም።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ ዞር ብሎ ማየት ይገባል። በአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በተሰበሰቡት የሐዋርያት ቀኖናት ውስጥ፣ በግሪኩ ቁጥር 42ኛው፣ ጳጳስ ወይም ቄስ ወይም ዲያቆን ለቁማርና ለስካር ራሱን ቢሰጥ ወይ እንዲተው ወይ ከሹመቱ እንዲሻር ያዝዛል። ሁለቱን ነገሮች በአንድ ዐረፍተ ነገር ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም። ቀኖናው ስለ አንጎል የሚናገረው ነገር የለውም፤ ሆኖም ከጽዋው የሚጠጣውና በገበታ ላይ የሚጣለው ዕጣ በሰው ላይ የሚያደርሱት ባርነት ተመሳሳይ መሆኑን ያዩ ሰዎች የጻፉት ነው። የሐኪሞቹ መዝገብ ሁለቱን በአንድ ምዕራፍ ለማስቀመጥ ከ1,600 ዓመት በላይ ቆየ። ይህን የምንለው በሐኪሞቹ ላይ ለመኩራት አይደለም፤ ሐኪሞቹ ቀኖናው ያላሳየውን፣ ይኸውም ነገሩ በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ አሳይተውናልና።

አሠራሩም በአጭሩ እንዲህ ነው። የሥነ ልቡና ሊቁ ስኪነር ከባልደረባው ከፈርስተር ጋር በ1957 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ፣ ርግቦች አንድን ቁልፍ በመንቆራቸው ሲመቱ ምግብ በተለያየ ሥርዓት ቢሰጣቸው ምን እንደሚያደርጉ ተዘግቧል። ምግቡ መቼ እንደሚመጣ በማይታወቅበት ሥርዓት የተለማመደች ርግብ፣ ምግቡ ከቀረም በኋላ ለረጅም ጊዜ መምታቷን አትተውም። ዘወትር የሚሰጥ ቶሎ ይጠገባል፤ ፈጽሞ የማይሰጥ ቶሎ ይተዋል፤ አንዳንዴ የሚሰጥ ግን ያስራል። በ1990ዎቹ ደግሞ ቮልፍራም ሹልትስ የተባለው ሊቅ የዝንጀሮችን አንጎል ሲመረምር፣ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩት ሕዋሳት ይበልጥ የሚነቁት ያልተጠበቀ ዋጋ ሲመጣ እንደ ሆነ፣ ቆይቶም መንቃታቸው ከዋጋው ወደ ምልክቱ እንደሚሸጋገር፣ የተጠበቀው ሲቀር ደግሞ እንደሚቀዘቅዙ አገኘ። ስለዚህ ቁማርተኛውን የያዘው የገንዘቡ ደስታ ብቻ አይደለም፤ «አሁን ይመጣል» የሚለው ተስፋ ነው። ቢበላም ባይበላም የሚቀጥለው ስለዚህ ነው።

ይህን ዕውቀት በሥራ ላይ ያዋሉት እኛ በምንኖርበት ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ያሉ ሰዎች ናቸው። የእጅ ስልኩ መስኮት በጣት ሲገፋ ያለ ማለቂያ እንዲወርድ የሚያደርገውን ዘዴ አዛ ራስኪን የተባለው ባለሙያ በ2006 አወጣው፤ ኋላም በሥራው መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። ፌስቡክ «ወደድሁ» የሚለውን ምልክት በ2009 ጨመረ። የአባቶቻችን ሥርዓት ለነገር ሁሉ ማብቂያ ያበጅ ነበር። ቡናው እንኳ፣ ሱስ የተባለው ቡና፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ያበቃል፤ ሦስተኛው ከተጠጣ በኋላ ጀበናው ይነሣል፣ ጎረቤትም ተመራርቆ ይበተናል። ይህ መስኮት ግን በረካ የለውም። መልእክት ይኖር ይሆን፣ አዲስ ነገር ተሰምቶ ይሆን እያለ የሚገፋ ጣት ቁልፉን ከምትመታው ርግብ ብዙ አይለይም።

እንግዲህ ማንኛውንም ብዙ የሚደረግ ነገር ሱስ እንበለውን? አይገባም። በ2015 ዦኤል ቢልዩ የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ የዕለት ኑሮን ሁሉ በሕመም ስም ከመጥራት እንድንጠነቀቅ አሳስበዋል። ብዛት መለኪያ ቢሆን ኖሮ፣ ሌሊቱን በማኅሌት ቆሞ የሚያነጋው ደብተራ፣ ቀኑን ሙሉ ቅኔ ሲቆጥር የሚውለው ተማሪ፣ ልጇን ታቅፋ የማትተኛው እናት ሱሰኞች በተባሉ ነበር። መለኪያው ሌላ ነው። አንደኛው ሥልጣን ማጣት ነው፤ ሰውየው ለመቀነስ ወይም ለመተው በእውነት ወስኖ ደጋግሞ ሲሸነፍ። ሁለተኛው ቦታ መንጠቅ ነው፤ ነገሩ እንቅልፍን፣ ትዳርን፣ ጸሎትን፣ ወዳጅነትን እየገፋ ብቻውን ሲነግሥ። ሦስተኛው ጉዳቱን እያዩ መቀጠል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መዝገብም በመሠረቱ የሚጠይቀው እነዚህን ሦስቱን ነው። እኛ ከእነዚህ ጋር አንድ ምስክር እንጨምራለን፤ እርሱም መደበቅ ነው። ሰው የሚወደውን ለወዳጁ ያሳያል፤ የሚገዛውን ነገር ግን ይሰውረዋል።

ቤተ ክርስቲያናችን ለዚህ ምርመራ የተዘጋጀ መሣሪያ አላት፤ ይኸውም ጾም ነው። ምእመናን በዓመት ከ180 ቀን በላይ እንድንጾም ታዝዘናል። የምንተወው ሥጋና ወተት ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ ክፉማ ቢሆን በፋሲካ ባልተፈቀደም ነበር። መልካም የሆነውን ለጊዜው የምንተወው እኛ የእርሱ ባሪያዎች አለመሆናችንን ለማወቅ ነው። ስለዚህ ስለ ማንኛውም ነገር፣ ስለ ስልኩም፣ ስለ ገበያውም፣ ስለ ሥራውም፣ የሚጠየቀው የመጀመሪያው ጥያቄ «ክፉ ነው ወይስ ደግ?» የሚለው ሳይሆን «ልጾመው እችላለሁን?» የሚለው ነው።

ሆኖም ይህ መለኪያ ብቻውን እንደማይበቃ ማስተዋል ይገባል። በአገራችን ዓመቱን ሙሉ የሚሰክር ሰው በዐቢይ ጾም 55 ቀን አረቄ ሳይቀምስ ከርሞ በፋሲካ ማግስት ከቀድሞው ብሶ ሲገኝ የታየ ነው። ይህ ሰው ተወ እንጂ አልጾመም ማለት ይቻላል። ቀኑን እየቆጠረ፣ ልቡ በማሰሮው አጠገብ ተቀምጦ ከረመ። መተው ነጻነት የሚሆነው የተተወው ነገር ቦታ ሲጠብብና በእርሱ ፈንታ ሌላ መልካም ነገር ሲገባበት ነው። ስለዚህም ከአራተኛው ጉባኤ መጻሕፍት፣ ከማር ይስሐቅ፣ ከፊልክስዩስና ከአረጋዊ መንፈሳዊ ትምህርት ጋር የተዋወቀ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የመነኮሳቱ ተጋድሎ ከምግቡ ይልቅ ከሐሳቡ ጋር ነው።

ይህን መለኪያ በሦስት ሰዎች ላይ እንሞክረው፤ ሦስቱም በመካከላችን ሊገኙ የሚችሉ ናቸው።

የመጀመሪያው የእቁቡን ገንዘብ ይዞ ወደ ካርታ ቤት የሄደው ነው። በእርሱ ላይ ሦስቱም ምልክቶች አሉ፤ መደበቁም አለ። የተበላውን ለመመለስ የተበደረው ሌላ ብድር ይወልዳል። ይህ ሰው ሌባ ሆኖ አልጀመረም፤ «ነገ እመልሳለሁ» ሲል ከልቡ ያምናል። እቁብ በመታመን ላይ የቆመ ነገር ስለ ሆነ፣ የእርሱ ጉዳት በእርሱ ላይ ብቻ አይቀርም፤ በስደት ምድር ያለን ትልቁ ሀብት፣ መተማመናችን፣ ይሸረሸራል።

ሁለተኛው ሁለት ሥራ የሚሠራው ነው። በ1971 ዌይን ኦትስ የተባሉ የአሜሪካ ሰባኪና የሥነ ልቡና መምህር ባሳተሙት መጽሐፍ የሥራ ሱሰኛ የሚለው የእንግሊዝኛ ስም ተስፋፋ። ነገር ግን ከኦክላንድ እስከ ሳንሆዜ በቀን 16 ሰዓት ታክሲ የሚነዳ፣ በአገር ቤት የእናቱን መድኃኒትና የእኅቱን ትምህርት የሚከፍል ሰው ሱሰኛ አይባልም፤ የሚያስገድደው ከውጭ ያለ ችግር ነውና። ጥያቄው የሚነሣው ችግሩ ካለፈ በኋላ ነው። ዕዳው ተከፍሎ፣ ልጆቹ አድገው፣ ሰውየው በሰንበት ከቤቱ ሲቀመጥ እጁ ሥራ ፈልጎ ከተቅበጠበጠ፣ ከልጆቹ ጋር ለመነጋገር ከፈራ፣ ሥራው መሸሸጊያ ሆኖበታል ማለት ነው። ይህ ሱስ ከሌሎቹ የሚከፋበት አንድ ነገር አለው፤ ሰዎች ሁሉ ያመሰግኑታል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ ሌሊቱን በአገር ቤት ወሬ የሚያነጋው ነው። ከኖቬምበር 2020 እስከ ኖቬምበር 2022 በሰሜን በነበረው ጦርነት፣ ከዚያም ወዲህ ከ2023 ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት፣ ስልክ ተቋርጦ የእናቱን ድምፅ ያጣ ስንት ሰው ነበረ! እንዲህ ያለው ሰው በዩቲዩብና በቲክቶክ ፊት ሌሊቱን ቢያነጋ ሱሰኛ ነው ለማለት የሚደፍር አንደበት ሊኖር አይገባም። ይሁን እንጂ ፍቅርና ሱስ በአንድ መስኮት ፊት አብረው ሊቀመጡ ይችላሉ። የሚለዩት በፍጻሜያቸው ነው። ፍቅር ወደ አንድ ሥራ ይደርሳል፤ ይደውላል፣ ገንዘብ ይልካል፣ ይጸልያል፣ ያዘነውን ይጎበኛል፣ ከዚያም ያርፋል። ሱስ ግን ወደ ራሱ ይመለሳል፤ ከአንዱ ወሬ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ቁጣ ወደ ሌላው ይሄዳል እንጂ ወደ ሰው አይደርስም። አንድ ሰው ሦስት ሰዓት ስለ አገሩ ሲሰማ አምሽቶ በአገሩ ላለ ዘመዱ ለመደወል ጊዜ ካጣ፣ የሰማው ለአገሩ ሲል እንዳልሆነ ራሱን ሊጠይቅ ይገባል። ቁጣም እንደ ቁማሩ ተስፋ ሕዋሳትን የሚያነቃ መሆኑን፣ ወሬውን የሚሸጡልን ሰዎችም ይህን ማወቃቸውን አንርሳ።

አሁን ወደ ዋናው የሥነ ምግባር ጥያቄ እንምጣ። ሱስ ሕመም ከሆነ ሱሰኛው ተጠያቂ ነውን? አሪስጣጣሊስ በኒቆማኮስ ሥነ ምግባር በሰባተኛው መጽሐፍ ሁለት ዓይነት ሰዎችን ይለያል። አንደኛው ክፉውን መልካም ነው ብሎ የመረጠ ነው፤ ሁለተኛው መልካሙን እያወቀ በፍላጎቱ የተሸነፈ ነው። ሁለተኛው ስለሚጸጸት ይድናል፤ የመጀመሪያው ጸጸት ስለሌለው መድኃኒቱ አስቸጋሪ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት በ7ኛው ምዕራፍ የሚገልጠው ይህን ሁለተኛውን፣ በገዛ ቤቱ ውስጥ የተማረከውን ሰው ነው። አውግስጢኖስ ደግሞ ስለ ራሱ ሕይወት ሲጽፍ ከጠመመ ፈቃድ ምኞት፣ ከምኞት ልማድ፣ ልማድንም ካለመቋቋም ግዴታ እንደሚወለድ በሰንሰለት መስሎ ያስረዳል። በዚህ ምሳሌ የመጀመሪያው ቀለበት ፈቃድ ነው፤ የመጨረሻው ግን ግዴታ ነው። ሰንሰለቱ ግን አንድ ነው።

የዘመናችን ሕክምና በሁለቱም በኩል ይመሰክራል። የፓርኪንሰንን ሕመም ለማስታገስ ዶፓሚንን ተክተው የሚሠሩ መድኃኒቶች የተሰጧቸው አንዳንድ ሕመምተኞች፣ ቀድሞ ቁማር የማያውቁ ሆነው ሳለ በቁማር ተይዘዋል፤ መድኃኒቱ ሲቀነስ ወይም ሲለወጥ ደግሞ ብዙዎቹ ተላቀዋል። ይህን የሰማ ሰው በወንድሙ ላይ ለመፍረድ አይቸኩልም። በሌላ በኩል፣ ሊ ሮቢንስ የተባሉት ተመራማሪ በ1971 ከቬትናም የተመለሱትን ወታደሮች ተከታትለው ሲያጠኑ፣ በዚያ አገር በሄሮይን ተይዘው ከነበሩት አብዛኞቹ ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ ወደ ሱሱ እንዳልተመለሱ አረጋገጡ። ሱስ የዘላለም ፍርድ አይደለም፤ ቦታና ማኅበር ይለውጡታል። የእኛ የስደተኞች ነገር ግን ተገላቢጦሽ ነው። እነዚያ ወደሚያውቃቸው ሰው ተመለሱ፤ እኛ ከሚያውቀን ሰው ወጣን። በአገር ቤት ጎረቤት፣ አጎት፣ የነፍስ አባት ያየውን ነገር፣ እዚህ በተዘጋ አፓርታማ ውስጥ የሚያየው የለም።

ስለዚህ የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው። ሐራራው በመምጣቱ ሰው አይጠየቅም። በ399 ያረፈው የጶንጦሱ ኢቫግርዮስ ስለ ሐሳቦች ሲያስተምር፣ መምጣታቸውን ለሰው ሥልጣን አልሰጠም፤ በመቆየታቸው ላይ ግን የሰውን ድርሻ ተወ። ሱስ የበረታበት ሰው «በቃኝ» ለማለት ኃይል ያጣ ይሆናል፤ «ተይዣለሁ» ለማለት ግን አብዛኛውን ጊዜ አቅም ይቀረዋል። ተጠያቂነቱ የሚጀምረው በዚያች በቀረችው ትንሽ አቅም ነው። እኛም የምንጠየቀው ያን ቃል በሚናገርበት ቀን በምንሰጠው መልስ ነው። ያፈረበትን ነገር የነገረንን ሰው በየቡናው የምናወራበት ከሆነ፣ ለሚቀጥለው ሰው በሩን በገዛ እጃችን ዘጋንበት። ማለቂያ የሌለውን መስኮት ሠርተው የሚሸጡትም ከተጠያቂነት አያመልጡም፤ ጉድጓድ የቆፈረ የገባውን ሰው ጥንቃቄ ማነስ ብቻ ሊያወራ አይችልም።

በአባቶቻችን ዘመን መጠጥ ያሸነፈው ሰው ወደ ነፍስ አባቱ ሄዶ «ይገዝቱኝ» ይል ነበር። ዛሬ በካሊፎርኒያ ሰው በገዛ ፊርማው ስሙን አስመዝግቦ ካርታ ቤቶች እንዳያስገቡት ማድረግ ይችላል። ሁለቱ ሥርዓቶች የሚስማሙበት ጥበብ አለ። ሰው በጸና ሰዓቱ በሚደክምበት ሰዓት ላይ ዘበኛ ያቆማል። ይህ ነጻነትን መጣል ሳይሆን የቀረውን ነጻነት በደህና ቦታ ማኖር ነው።

ለማኅበራችንም ጥቂት ነገር እንበል። በቁማር ለተያዘ ወንድም ዕዳውን በጥሬ ገንዘብ መክፈል ርኅራኄ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ለሚቀጥለው ውርርድ ስንቅ ማቀበል ነው። መርዳት ከተፈለገ የቤት ኪራዩን ለባለቤቱ፣ የልጆቹን ወጪ በቀጥታ መክፈል ይሻላል። ስሙ የማይጠቀስ የቁማርተኞች ማኅበር በ1957 በሎስ አንጀለስ ተመሥርቶ በብዙ ከተሞች ይሰበሰባል፤ የካሊፎርኒያ መንግሥትም ለቁማር ሕሙማንና ለቤተ ሰቦቻቸው ያለ ክፍያ የሚሰጥ የምክርና የሕክምና አገልግሎት አለው። ወደ ሐኪም መሄድ የእምነት ጉድለት አይደለም፤ ወደ ነፍስ አባት መሄድም የዕውቀት ጉድለት አይደለም። ንስሐ ለቆሰለው ፈቃድ ነው፤ ሕክምና ለቆሰለው ሥጋ ነው፤ ሱስ ሁለቱንም ያቆስላል። ልጆቻችንን በተመለከተም፣ ስልካችንን ከማዕድ ላይ ሳናነሣ የእነርሱን ጨዋታ ብንከለክል ቃላችን ክብደት አይኖረውም።

በሚመጣው ጾም እያንዳንዳችን ከምግቡ ጋር አንድ ነገር እንጨምር፤ ክፉ ያልሆነ፣ ነገር ግን ቀናችንን የሚበላ አንድ ነገር መርጠን እንተው፤ መተዋችንንም ለአንድ ለምናምነው ሰው እንንገር። በየማታውም ስንት ሰዓት እንደ ቀነስን ከመቁጠር ይልቅ፣ ባተረፍነው ሰዓት ማንን እንዳገኘን፣ ማንን እንደ ጠየቅን፣ ከማን ጋር እንደ ተቀመጥን እናስብ። የተውነው ነገር በቀላሉ ከተለየን፣ ልማድ ነበረና እናመስግን። ጥሎን የማይሄድ ሆኖ ካገኘነው ደግሞ፣ በራሳችን ላይ ፍርድ ከመስጠት ይልቅ ያወቅነውን ይዘን ወደሚረዳን ሰው እንሂድ። የታወቀ ሕመም ካልታወቀው ይሻላልና።